ሸክላው እስከዞረ ድረስ

ባለፈው ሳምንት ከዓለም ባንክ ሰፈር ስመለስ፣ አየር ጤና ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ የመኪናዬ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ምስማር ነው። የኛ ሰፈር መንገድ አስፋልት ሊያጣ ይችላል፣ ምስማር ግን አያጣም። እየተንገጫገጭኩ አንድ ጎሚስታ በር ላይ ደረስኩ፤ ጎሚስታው ልጅም የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠኝና ሥራውን ጀመረ። ቀዳዳውን ፈልጎ ልጣፊውን በእሳት ሲያጣብቀው ያ ሽታ መጣ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነች። እኔ ግን በረዥሙ ሳብኩት። የጎማ ጭስ እፎይ ያሰኛል ብል ማን ያምነኛል?

ነገሩ የሦስተኛ ክፍል ፈተና ካለፍኩበት ክረምት ጋር የተያያዘ ነው። እናቴ ከረመዳን ጀምሮ ትስል ነበር። ሳሉ አልለቅ አላት። ቀጭን የነበረው ድምጿ ወፈረ፣ ንግግሯ ዘገመ፤ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመጣ ግድግዳ ይዛ ታርፍ ጀመር። በኋላ ሐኪሞቹ ደረቷ መከፈት አለበት አሉ። ይህን ለኔ የነገረኝ የለም፤ በር ተደግፌ የሰማሁት ነው። ለኔ የተነገረኝ «ለምርመራ ነው፣ አንቺ ክረምቱን ኮልፌ እትዬ ጋ ትከርሚያለሽ» የሚል ነው።

የሄድን ለት እናቴ በሻሽ የተጠቀለለ ሰፊና ስስ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሸክላዋ ነበር። ተማሪ ሳለች እንግሊዝኛ ታስተምራት የነበረች ፈረንጅ አገሯ ስትገባ የሰጠቻት ነው። እኛ ቤት ማጫወቻ ስላልነበረ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም።

«እትዬ ጋ ማጫወቻ አለ» አለችኝ። «ስመጣ አብረን እንሰማዋለን። እስከዚያ አንቺ ስሚልኝ፣ እሺ ፈቲያ?»

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ስሟ ዘይነባ ነው፤ እናቴ እትዬ ስለምትላት ግን እኔም እትዬ እላታለሁ። ወፍራም፣ ድምጿ ከበር እስከ አስፋልት የሚሰማ፣ እጇ ከዳንቴል የማይለይ ሴት ነበረች። እየሠራች ገበያ ላይ ታስሸጣለች፤ የተረፈውን ቤቷን ታለብሰዋለች። ሬዲዮኑ፣ ወንበሮቹ፣ የውሃው ጆግ፣ ሁሉም ዳንቴል ለብሰዋል። እዚያ ቤት ዳንቴል ያልለበሱት ባሏ ጋሽ ከድር ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ከድር ጎሚስታ ናቸው። የቆርቆሮ ሱቃቸው ከግቢው በር አጠገብ፣ ከመንገዱ ዳር ነበረች። ንግግር አያበዙም። የተበላሸ ነገር ሁሉ በጎማ ይድናል ብለው ያምናሉ። የበሩ ማጠፊያ የከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ ነው፤ የጃንጥላው እጀታ በከመነዳሪ ታስሯል፤ የድስቱ ክዳን እንኳ ትኩስ ሲሆን የሚያዝበት የጎማ ጆሮ ወጥቶለታል። እትዬ «እኔም ስሞት በከመነዳሪ ነው የሚገንዘኝ» እያለች ትስቅባቸዋለች። እሳቸው ደግሞ «አንቺን የሚችል ከመነዳሪ የለም» ይላሉ። ከዚህ በላይ ሲያወሩ አልሰማሁም።

ሸክላውን ከሻሹ ስናወጣው ሽፋኑ ላይ አምስት ፈረንጆች ሣር ላይ ተቀምጠዋል። የሁሉም ፀጉር ትከሻቸው ላይ ወርዷል። አንዱ ምንጣፍ የመሰለ ነገር ደርቧል፤ ሌላኛው ባዶ እግሩን ነው፤ መሀላቸው ፍየል ቆማለች። ወደ ካሜራው የምታየው ፍየሏ ብቻ ናት።

እትዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ መረመረችው። «ወንዱ የትኛው ነው?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ይሁን። ፍየሏን ግን በደንብ ነው የያዟት፤ ሥጋ አላት» ብላ ማጫወቻውን ከዳንቴሉ ገለጠችው።

ስለዚያ ሸክላ መናገር ከጀመርኩ አላቆምም፤ የሚያውቁኝ ይህን ስለሚያውቁ ወሬ ይቀይሩብኛል። የመጀመሪያው ዘፈን በደወል ይጀምርና ዋሽንት ይገባበታል። ሁለተኛው ላይ አንድ ድምፅ እንደ ንብ ቀፎ ሳያቋርጥ ያጉረመርማል፤ ከሥሩ ከበሮ ይመታል። እዚህ ላይ እትዬ የዳንቴል መርፌዋን አቁማ ራሷን ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች። «ይሄማ መንዙማ ነው፤ አላወቁትም እንጂ» ትላለች። ሦስተኛው ላይ መሲንቆ የሚመስል ክር ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ይገጥማል፤ ሁለቱ እንደ ጣውንት ሲናቆሩ ቆይተው መጨረሻ ላይ ይታረቃሉ። አራተኛው ጭራሽ ዘፈን አይደለም። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ከኋላው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የእትዬ ጣሪያ ስለሚያፈስ የሸክላው ጠብታ ይሁን የኛ መለየት አይቻልም ነበር። እትዬ ሁለቴም ሦስቴም ባልዲ ፍለጋ ተነስታለች።

ስንገለብጠው ወደ ኋላ የሚሄድ ሙዚቃ ይመጣል፤ ድምፁ ራሱን መልሶ የሚውጥ ይመስላል። ከእሱ ቀጥሎ ከበሮና ጡሩምባ ያለው ሰልፍ አለ። ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ጊታር ብቻ ይዛ ትዘፍናለች። ድምጿ ቀጭንና ንጹህ ነው። የምትለው አንድም ቃል አይገባኝም፤ ግን እናቴ ልብስ ስታሰጣ የምታንጎራጉረው ነገር ይህ እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት።

ልጄ በቅርቡ ያንን አልበም በስልኩ ፈልጎ አገኘልኝ። በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ ሲወጣ ዘወር ብሎ ያየው እንዳልነበረ፣ ሰዎቹም በዚያው እንደተበታተኑ ተጽፏል። ገርሞኝም አናዶኝም ነበር። እኔ በልጅነቴ እያንዳንዱ የፈረንጅ ቤት ይህ ሸክላ ያለ ይመስለኝ ነበር። ያን ሁሉ የማይገናኝ ነገር አንድ ድስት ውስጥ ጨምሮ ጣዕሙን ማውጣት ቀላል ነው እንዴ? ለነገሩ እነሱ አይወቁ እንጂ ኮልፌ ውስጥ አንድ ግቢ ሙሉ ሰው በቃሉ ያንጎራጉረው ነበር።

እዚያ በሄድኩ በሳምንቱ ፊት ለፊታችን ካለው ቤት አንዲት አሮጊት ሞቱ። ድንኳን ተጣለ። እትዬ ሸክላውን አውጥታ ማጫወቻውን በዳንቴሉ ሸፈነችው፤ ሬዲዮኑንም ዘጋችው።

«ለምን ዘጋሽው?»

«ለቅሶ እያለ ዘፈን ይከፈታል እንዴ? ነውር ነው።»

«የራስ ሰው ሲሞትስ?»

«የራስ ሰው ሲሞትማ ዓመትም ቢሆን አይከፈት። ደግሞ ምን ያስጠይቅሻል?»

በማግስቱ የአሮጊቷ ልጅ ከጅማ መጣች። ከመኪናው ስትወርድ እኔ በር ላይ ነበርኩ። መሞታቸውን አላወቀችም። ሰዎቹ «እናትሽን ትንሽ አሟታል» ብለው ነው ያመጧት። ድንኳኑን ስታይ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። የኛ ሰው መርዶን በድንገት አይነግርም፤ ሰው እስኪሰበሰብ፣ አገር እስኪገባ ይደብቃል። ትልቅ ሰው ሆኜ ደግነቱ ገብቶኛል። ያኔ የገባኝ ግን ትልልቅ ሰዎች ስለሞት ሲጠየቁ ይዋሻሉ የሚለው ብቻ ነው።

የዚያኑ ዕለት ማምሻ አባቴ ከሆስፒታል በዝናብ በስብሶ መጣ። በር ላይ ከእትዬ ጋር ተንሾካሾኩ። ከዚያ ወደኔ ዞረና ራሴን ዳሰሰኝ።

«እማዬ ደህና ናት። ትንሽ ነው ያመማት።»

የጅማዋንም ያሏት ይህንኑ ነው። እንግዲህ በአፋቸው ካልታመኑ በምን ላውቅ ነው? የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ እንደሚባለው፣ መላው መጣልኝ። እናቴ ከሞተች እዚህ ቤት ዘፈን አይከፈትም። ዘፈን ከተከፈተ እናቴ አለች። የአሮጊቷ ለቅሶ እስኪያልፍ ድረስ እንዴት እንደቆየሁ አላህ ያውቃል። ድንኳኑ በተነሳ ዕለት ከሰዓት፣ እትዬ ቁጭ ከማለቷ፣ «ሸክላውን ክፈችልኝ» አልኳት።

ከፈተችው። ደወሉ ተሰማ። ምሳዬን ያን ጊዜ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። አባቴ መጥቶ በር ላይ ተንሾካሽኮ ሲሄድ እኔ ማጫወቻው አጠገብ ቆሜ እጠብቃለሁ። እትዬ አንዳንዴ ዓይኗ ቀልቶ ትገባለች። እንደዚያ በሆነችበት ቀን እንኳ «ክፈችልኝ» ስላት ትከፍታለች፤ እኔም እተነፍሳለሁ። ምሥጢሬን ለማንም አልተናገርኩም፤ ካወቁብኝ በሸክላውም መዋሸት ይጀምራሉ ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ይቺ ልጅ ያለ ዘፈን እንጀራ አይወርድላትም፤ ነገ አዝማሪ ብትሆን ለእህቴ ምን ብዬ ነው የማስረክባት?» እያለች ታወራልኝ ነበር።

ዝናቡ በጠናበት ሰሞን አንድ ቀን እትዬ የማጫወቻውን መርፌ ስታስቀምጠው ሸክላው አልዞረም። እትዬ መታ መታ አደረገችው። ውስጡ ያጉረመርማል፣ ሸክላው ግን ቆሟል።

«ተበላሸ» አለች።

አየኋት። ዓይኗን ለማየት ሞከርኩ። ትላንት ደህና የነበረ ነገር ዛሬ በምን ይበላሻል? ተበላሸ ማለት ትንሽ አመማት ማለት ነው። እራቴን አልበላም አልኩ። በነጋታውም ቁርሴን አልነካሁም። እትዬ መጀመሪያ ለመነችኝ፣ ቀጥላ ተቆጣችኝ፣ መጨረሻ ላይ ባሏን ጠራች።

«አንተ ከድር! ና ይሄን ነገር እየው፤ ልጅቷ በዘፈን ጦም ልታድር ነው!»

ጋሽ ከድር ማጫወቻውን ገለበጡት። ሸክላውን የሚያዞረው ቀጭን ጎማ ተበጥሷል። ጣታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲያሳዩኝ ልቤ ትንሽ ረጋ። እሳቸውማ ጎማ አገኙ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማቸዋል! ከሱቅ የብስክሌት ከመነዳሪ አመጡ፣ በመቀስ ስስ አድርገው ቆረጡ፣ ጫፍና ጫፉን በእሳት አጣበቁት። ቤቱ በጎማ ጭስ ተሞላ፤ እትዬ «ዳንቴሌ ሸተተ!» ብላ ጮኸች። አዲሱን ጎማ ጎትተው፣ ወጥረው አስገቡት።

ሸክላው ዞረ።

ዞረ፣ ግን አዘገመ። ደወሉ ዷ... ዷ... ይላል። ዋሽንቱ ጡሩምባ ሆኗል። እትዬ ፊቷን አኮሳተረች።

«ድምፁ ወፈረ እኮ።»

«ጎማው አዲስ ስለሆነ ነው» አሉ ጋሽ ከድር እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ሲላመድ ይፈታል።»

እሳቸው ካሉ አለቀ፤ በጎማ ነገር ማን ይከራከራቸዋል? ስለዚህ ያን አልበም እንደዚያው፣ እየተጎተተ ለመድነው። እውነቱን ልናገር፣ አሁንም አንዳንዱን ዘፈን እንደዚያ እወደዋለሁ። በክርና በክር መሀል ያለው ዝምታ ይሰማል፤ የሽማግሌው ትንፋሽ ሳይቀር ይቆጠራል። የእትዬ መንዙማ ደግሞ ይበልጥ መንዙማ ሆነላት።

ያስጨነቀኝ የመጨረሻው ዘፈን ነው። ልጅቷ ድምጿ ወፈረ፣ ቃሉን እየጎተተች፣ እየደከማት መዝፈን ጀመረች። የእናቴም ድምፅ መጀመሪያ የሆነው እንደዚህ ነው። ልጅቷ ታማለች፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጎማው ሲላመድ ይፈታል የተባለውም አልሆነም፤ እንዲያውም ከቀን ወደ ቀን ባሰባት። ሸክላው ይዞራል፣ ስለዚህ እናቴ አለች። ግን እየተሻላት አይደለም። አባቴ «እየተሻላት ነው» ሲለኝ አንገቴን እነቀንቅለትና ወደ ልጅቷ ተመልሼ እሰማለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያቺው ልጅ በመዝፈን ላይ ሳለች የግቢው በር ተንኳኳ። ሦስት ሴቶች ገቡ። የፊተኛዋ ገና ከደጅ «ዘይነባ፣ ዝጊው! ዘፈኑን ዝጊው!» አለች። እትዬ ዘላ ተነስታ መርፌውን አነሳችው። ልጅቷ ቃሏን ሳትጨርስ ቆመች። ሴቶቹ እትዬን ከበው ሹክ አሏት፤ እትዬም እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

ጫማዬን ሳላደርግ ወጣሁ። ጋሽ ከድር ሱቅ ውስጥ ጎማ እየነፉ ነበር።

«ጋሼ፣ እማዬ ሞታለች» አልኳቸው።

መንፊያው ከእጃቸው ወደቀ። «ማን ነው ያለሽ?»

«እትዬ ሸክላውን ዘጋችው። ሴቶቹ መጥተዋል። ሰው ሲሞት ነው የሚዘጋው፤ እማዬ ስላለች ነበር በየቀኑ የምትከፍተው።»

ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ሸክላ ሸክላ እንዳልኩ፣ ለምን እንዳልበላሁ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። አልሳቁብኝም። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ከፊቴ አስተካከሉ።

«የሞቱት ከኋላችን ያሉት ሐጂ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። ጠዋት አሟቸው ነበር። እናትሽ አለች።»

«አይዋሹኝ! የጅማዋንም እንዲህ ነው ያሏት።»

ጎማውን ወደ ውስጥ አንከባለሉት፣ እጃቸውን በኦሞ ፈትገው ታጠቡ፣ የቆርቆሮውን በር ቆለፉት። ሥራ ጥለው በቀን ሲቆልፉ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው።

«ነይ» አሉኝ። «በዓይንሽ ታያለሽ።»

ታክሲ ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀመጡኝ። ልብሳቸው ጎማ ጎማ ይሸታል፤ ፊቴን እዚያ ውስጥ ቀብሬ ሄድኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው «ልጅ አይገባም» አለ። ጋሽ ከድር፣ ያ አፋቸው የማይፈታ ሰውዬ፣ ለዘበኛው እንዴት እንደለመኑት! «አንገባም ወንድሜ። እናትዮዋን ወደ መስኮት ጥሩልን ብቻ፤ ልጅቷ እናቴ ሞታለች ብላ ነው» አሉት። ዘበኛው እኔን አየ፣ ባዶ እግሬን አየ፣ አንዲት ነርስ ጠርቶ ላከልን።

ከፎቁ ሥር ቆመን አንጋጠጥን። ብዙ መስኮት አለ። ከዚያ አንዱ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ የከሳች ሴት በነርሷ ተደግፋ ብቅ አለች። መጀመሪያ አላወቅኳትም። መጮህ አትችልም መሰል፣ እጇን አወጣችና ጣቷን በአየር ላይ ታዞር ጀመር፣ ክብ፣ ክብ፣ ክብ። ሸክላውን ትሰሚልኛለሽ ወይ ማለቷ ነው። እማዬ ናት! አንገቴ እስኪቀነጠስ ድረስ ነቀነቅኩላት። ጋሽ ከድር ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ብዙ ጊዜ ተናፈጡ።

ለሐጂ ለቅሶ ሸክላው ተዘግቶ ሰነበተ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሰማው በላሁ፣ ሳልሰማው ተኛሁ።

እናቴ የመጣችው ዝናቡ ሲሳሳ ነው። ሐኪሞቹ ቤታችን ከመግባቷ በፊት የሚንከባከባት ሰው ያለበት ትረፍ ስላሉ እትዬ አልጋዋን ለቀቀችላት። ጎረቤቱ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» እያለ ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ስትስል ስፌቷን እንዳያማት ደረቷ ላይ ትራስ ታቅፋ ነበር። ሰው ቀለል ሲል ወደ ማጫወቻው አየችና «እስቲ ክፈቱልኝ» አለች።

እትዬ ከመጨረሻው ዘፈን ጀመረች። ያቺ የታመመች ልጅ እየጎተተች መዝፈን ቀጠለች። እናቴ ግንባሯን ቋጠረች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሸክላሽ ነዋ!» አለች እትዬ።

«ኧረ በአላህ! ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«ጎማው አልተላመደም» አሉ ጋሽ ከድር ከበሩ ሆነው።

እናቴ እሳቸውን አየች። የማጫወቻውን ጎን አየች፤ የከመነዳሪው ጫፍ ብቅ ብሏል። ከዚያ ሳቋ መጣ። ትራሱን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «አታስቁኝ! ስፌቴን! ኧረ ጋሽ ከድር፣ አታስቁኝ!» ትላለች፣ እንባዋ ይወርዳል። እትዬ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ ራሷም ፈረሰች። ጋሽ ከድር ብቻ «ምን አጠፋሁ?» ብለው ቆመዋል።

እናቴ እየሳቀች እጇን ዘረጋች። የከሳ ጣቷን ሸክላው መሀል ያለችው ክብ ወረቀት ላይ አሳረፈችና ቀስ አድርጋ ገፋችው። የልጅቷ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ተነሳ፣ ቀጠነ፣ ጠራ። ያቺው የመጀመሪያዋ ልጅ ሆነች።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ልጅቷም ተሻላት!»

እትዬ መሳቋን አቆመችና ፊቷን በዳንቴሉ ሸፈነች። እናቴ ምንም አልገባትም፤ ግን በሌላው እጇ ሳበችኝ። ጥቂት ገፍታ ክንዷ ደከማት፤ ጣቷን ስታነሳ ልጅቷ እንደገና መጎተት ጀመረች። ወዲያው የራሴን ጣት እዚያው ቦታ አስቀመጥኩ። እናቴ በቀጭን ድምጿ ማንጎራጎር ጀመረች፤ እኔም ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ሳላቋርጥ ገፋሁላት።